ሥራዋን ማን ጠየቃት?

ነፍሰ ጡሯ ጤና ጣቢያ ትገባለች። ትመዘናለች፤ ግፊቷ ይለካል፤ ደምና ሽንቷ ይመረመራል፤ አይረን ይሰጣታል። "አትክልትና ፍራፍሬ አዘውትሪ" ተብላ ትሸኛለች። ምክሩ ትክክል ነው። ግን አትክልቱ ምን እንደተረጨበት ማን ይነግራታል? ከዚያም በፊት፣ "ሥራሽ ምንድን ነው?" ብሎ የጠየቃት አለ?

ጥያቄዬ ከአዲስ አበባው አትክልት ተራ ይነሳል። ጅምላው ንግድ በ2012 ዓ.ም. በኮሮና ምክንያት ወደ ጃን ሜዳ፣ ኋላም ወደ ኃይሌ ጋርመንት ተዛወረ። ስሙ ግን ሰፈሩን አልለቀቀም፤ ሴቶቹም ሥራውን አልለቀቁም። ከመቂና ከባቱ በአይሱዙ የሚመጣውን ቲማቲም ይለያሉ፣ ሽንኩርት ከጆንያ ገልብጠው የበሰበሰውን ይለቅማሉ፣ ልጅ አዝለው ጉልት ይውላሉ። ከመካከላቸው ነፍሰ ጡር የለችም? የምታጠባ የለችም? ካለች፣ ለእሷ የተዘጋጀው ምክር የቱ ነው? ገበያው ሲዛወር ስለ ቦታው፣ ስለ ጭቃው፣ ስለ መኪና መግቢያው ብዙ ተነግሯል። ስለ እሷስ ምን ተባለ?

በስምጥ ሸለቆ የአትክልት ማሳዎች የተደረጉ ጥናቶች፣ ብዙ ገበሬ ፀረ ተባይ የሚረጨው መመሪያው ከሚያዘው ውጭና ያለ በቂ መከላከያ መሆኑን አሳይተዋል። ከርጭት በኋላ ምርቱ ሳይለቀም መቆየት ያለበት ቀን አለ። ያ ቀን መጠበቁን የሚያረጋግጠው ማን ነው? የት? ማሳው ላይ? ገበያው በር ላይ? የፀረ ተባይ ምዝገባና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 674 የወጣው በ2002 ዓ.ም. ነው። ከዚያ ወዲህ ስንት ሳጥን ቲማቲም ተመርምሮ ውጤቱ ለሸማቹ ተነገረ? "አጥበሽ ብዪ" ማለት ቀላል ነው። ማጠብ ከላይ ያለውን ይቀንሳል፤ ወደ ተክሉ ውስጥ የዘለቀውን አያወጣም። ይህስ ተነግሯታል? ቀኑን ሙሉ ያልታጠበውን በባዶ እጇ ለምትነካውስ ምን ተባለ?

ወደ ጡት ወተቱ ልምጣ። እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመ ጥናት በጅማ፣ በሰርቦና በአሰንዳቦ ከእናቶች ጡት ወተት ውስጥ ዲዲቲ አገኘ። ሕፃናቱ ከወተቱ በቀን የሚወስዱት ለአንድ ኪሎ ክብደታቸው በአማካይ 62 ማይክሮግራም ያህል እንደሆነ ተገመተ። ጥናቱ ያነጻጸረበት ዓለም አቀፍ ጣሪያ 20 ነበር። ሦስት እጥፍ ማለት ነው። ዲዲቲ ስብ ውስጥ ይከማቻል፤ ለዓመታት ይቆያል፤ ከእናት ሰውነት ከሚወጣባቸው መንገዶች አንዱ ወተቷ ነው። እ.ኤ.አ. በ2001 የተፈረመው የስቶክሆልም ስምምነት እንደ ወባ ያሉ በሽታዎችን የሚያስተላልፉ ነፍሳትን ለመከላከል ካልሆነ በቀር አይፈቅደውም። ታዲያ ከጥናቱ በኋላ ምን ተደረገ? እናቶቹ ውጤቱን ሰሙ? ዳግም የለካ አለ? ያን ሁሉ አትክልት በምትበላው አዲስ አበባስ የእናቶች ወተት በየጊዜው ይለካል? ከተለካ ውጤቱ የት ይነበባል?

ይህን የምጽፈው ማንም እናት ጡት ማጥባት እንድታቆም አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት እስከ ስድስት ወር ጡት ብቻ ይሰጥ የሚለው እንዲህ ያለው ብክለት መኖሩን እያወቀ ነው። የወተቱ ጥቅም ይበልጣል፤ ንጹሕ ውኃ በሌለበት ተበጥብጦ የሚሰጥ የዱቄት ወተት ሕፃን ይገድላል። ስለዚህ እናትን ማስፈራራት መልስ አይሆንም። ዝምታስ እንዴት መልስ ሆነ? መርዙን ወደ ወተቷ ያስገባችው እሷ ካልሆነች፣ ተጠያቂው ማን ነው?

ሙዙንም እንይ። ከአርባ ምንጭ ጥሬውን ይመጣል፤ በዝግ ክፍል በላምባ ጭስ ማብሰል በዚህ ንግድ የቆየ ልማድ ነው። ላምባ አየር በሌለበት ሲነድ ካርቦን ሞኖክሳይድ ያወጣል። ይህ ጋዝ ከእናት ደም ወደ ፅንሱ ያልፋል፤ የፅንሱ ደም ደግሞ ከእናቱ ይልቅ አጥብቆ ይይዘዋል። ክፍሉን የምትጠርገው ሴት ይህን ታውቃለች? ሙዙን የምታወጣውስ? በኤትሊን ጋዝ የሚያበስሉ ክፍሎች ከታወቁ ዓመታት አላለፉም? ላምባው ለምን አልቀረም? ማታ ቤቷ ስትገባ ከሰል ይጠብቃታል። የምታበስልበት ክፍል መስኮት እንዳለው የጠየቃት ባለሙያ አለ?

ጎመኑና ቆስጣውስ? በአዲስ አበባ ወንዞች የሚለማው ቅጠል ከባድ ብረቶች እንደሚይዝ በአገር ውስጥ የጤና መጽሔት ከታተመ ከሃያ ዓመት በላይ ሆኗል። ጫትስ? የጫት ንጥረ ነገር ወደ ጡት ወተት እንደሚያልፍ በየመን የተደረገ ጥናት ካሳየ አርባ ዓመት ሊሞላው ነው። ከመርካቶ ጫት ተራ አጠገብ በሚገኝ ጤና ተቋም ይህ ለእናቶች በየቀኑ ይነገራል? ለራስ ምታት፣ ለኮሶ፣ ለሆድ ቁርጠት በራሷ ስለምትወስደው መድኃኒትና ሥራሥርስ?

ሪፖርት አለ፣ እሱን አልክድም። በ2011 ዓ.ም. በተደረገው አነስተኛ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት 74 በመቶ እናቶች በሠለጠነ ባለሙያ የእርግዝና ክትትል አግኝተዋል፤ 43 በመቶዎቹ አራት ጊዜና ከዚያ በላይ ተከታትለዋል። ቁጥሩ ከፍ ብሏል። ግን የቆጠረው መምጣቷን ነው። የተባለችውን ማን ቆጠረ? በመጀመሪያው ሦስት ወር ክትትል የጀመሩት ደግሞ 28 በመቶ ብቻ ናቸው። የፅንሱ ልብ፣ አንጎልና እጅ እግር የሚሠራው በዚያው ጊዜ ነው። ምክሩ በአምስተኛው ወር ቢደርሳት ለየትኛው ጉዳት ይደርስላታል? ከመውለጃዋ ይልቅ ከመፅነሷ በፊት ወደ ሥራ ቦታዋ የሚሄድ ለምን ታጣ?

የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ሥራዋ ለራሷ ወይም ለፅንሱ አደገኛ መሆኑን ሐኪም ያረጋገጠላት ነፍሰ ጡር ወደ ሌላ ሥራ ትዛወር ይላል። መልካም ሕግ ነው። የጉልቷ ሴት አሠሪ ማን ነው? ወዴት ትዛወራለች? በቀን ሒሳብ ሽንኩርት የምትለቅመው ማንን ትጠይቅ? ሐኪሙስ ሥራዋን ሳይጠይቅ እንዴት ያረጋግጥላታል?

በእንግሊዝና በአሜሪካ በእርግዝናና በጡት ማጥባት ወቅት ስለሚያጋጥም መድኃኒትና ኬሚካል በዕውቀት የሚመልሱ የምክር አገልግሎቶች ከተቋቋሙ አሥርት ዓመታት አልፈዋል። እኛ ጋ አይቻልም የሚለኝ አለ? በ2012 ዓ.ም. ኮሮና ሲገባ 8335 የተባለውን ነፃ መስመር አገሩ ሁሉ በሳምንታት ውስጥ አወቀው። ለወረርሽኙ የተቻለው ለነፍሰ ጡሯ ለምን አይቻልም? አራት ቁጥር ደውላ በምትሰማው ቋንቋ የምትጠይቀው ባለሙያ ማግኘት ምን ያህል ገንዘብ ይፈጃል? ተሰልቶ ያውቃል? የከተማ ጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች ቤት ለቤት ይዞራሉ፤ ቀኑን ገበያ የምትውለውን ሴት ቤቷ እንዴት ያገኟታል? ጉልት ለጉልት የሚዞረው ማን ነው? ለቲማቲም ለቃሚዋ ጓንት የሚገዛውስ ማን ነው? ከየትኛው በጀት? ከየትኛው ወር ጀምሮ?