ሙሾና መዝገብ

ስመ ጥር ተዋናይ በሞተ ጊዜ ሁለት ዓይነት ሰዎች ይናገራሉ። አንደኞቹ «የተዋናይ ጥበብ ከእስትንፋሱ ጋራ የምትወጣ ናትና ከእንግዲህ ወዲያ ከማልቀስ በቀር የሚደረግለት የለም» ይላሉ። ሁለተኞቹም «ዕድሜውን በጨዋታ ለጨረሰ ሰው መታሰቢያ ምን ይሆነዋል?» ይላሉ። የፊተኞቹ ወዳጆቹ ናቸው፤ የኋለኞቹ ነቃፊዎቹ ናቸው። ጉዳታቸው ግን አንድ ነው። እንዴት ቢሉ፥ ሁለቱም ሰውየውን ደግመው ይቀብሩታል።

ይህንም ለመረዳት በፈረንሳይ አገር በሞሊየር የሆነውን መመልከት ይበቃል። (ዘመኑ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ነው።) ሞሊየር ደራሲ ብቻ አልነበረም፤ በመድረክ ቆሞ ፓሪስን የሚያሥቅ ዋና ተዋናይ ነበረ። በ1664 ዓ.ም. «ታርቱፍ» የተባለውን ጨዋታ አወጣ። ይኸውም ጾመኛና ጸሎተኛ መስሎ የሰው ቤት የሚያፈርሰውን ግብዝ የሚገልጥ ነው። ግብዞች ተቈጡ፤ የሚያሳዝነው ግን ግብዝ ያልሆኑ ካህናትም አብረው መቈጣታቸው ነው። ጨዋታውም በአደባባይ እንዳይታይ ተከልክሎ በነጻ የተፈቀደው በ1669 ዓ.ም. ነው።

በ1673 ዓ.ም. በፌብሩዋሪ 17 ቀን ሞሊየር፥ ጤነኛ ሆኖ ሳለ ታምሜአለሁ የሚለውን ሰው መስሎ ሲጫወት፥ እርሱ ራሱ በእውነት ታሞ ነበረ። ሕመሙ በመድረክ ላይ ቢጠናበትም ጨዋታውን ፈጸመ፤ ወደ ቤቱም ተወስዶ ወዲያው ሞተ። ካህን ቢያስጠራ ሁለቱ አንሄድም አሉ፤ ሦስተኛው ሲደርስ ነፍሱ ወጥታ ነበር። የደብሩም አለቃ ከተዋናይነት በንስሐ ሳይለይ ስለ ሞተ መቃብር ከለከለው። ሚስቱ ለንጉሡ ለሉዊ 14ኛ ብትጮኽ፥ ሊቀ ጳጳሱ በሁለት ካህናት ብቻ፥ በሌሊት፥ ያለ ክብር ሥርዐት እንዲቀበር ፈቀደ። በሞተ በአራተኛው ቀንም እንዲሁ ተቀበረ።

በዚያ አገር ሕጉ እንዲህ ነበረና ካህናቱ ያለ ሕግ ፈረዱ አይባልም። ነገር ግን ካህን ለማን ተሾመ? ካህን ጥሩልኝ ብሎ ለሚልክ በሽተኛ አይደለምን? ተጠርቶ የቀረ ካህን በሽተኛውን ሳይናዘዝ ሞተ ብሎ ቢከስስ፥ በር ዘግቶ ለምን አልገባህም እንደ ማለት ነው። በኢትዮጵያም ተዋናይ ሲባል ፊቱን የሚያጠቍር የቤተ ክህነት ሰው ቢኖር፥ ስሙ ተዋነየ ከሚለው ከግእዙ ግስ የወጣ መሆኑን ያስብ። የጎንጁ ሊቅ፥ የቅኔ አባት ከሚባሉት አንዱ፥ ተዋነይ ይባል የለምን?

ይህ ለነቃፊዎቹ ነው። ለወዳጆቹ የሚነገረው ግን ይበልጣል።

ሞሊየር ላግራንዥ የሚባል ወዳጅ ነበረው። በመድረክ የአፍቃሪውን ጎልማሳ ክፍል የሚጫወት፥ በ1659 ዓ.ም. ከማኅበሩ የገባ ሰው ነው። ከዚያ ዓመት ጀምሮ ምን ጨዋታ እንደ ተጫወቱ፥ ምን ያህል ገንዘብ እንደ ገባ፥ ለእያንዳንዱ ተዋናይ ምን እንደ ደረሰው ዕለት ዕለት ይጽፍ ነበር። የወዳጁንም ሞት በዚያው መዝገብ በጥቂት ቃል ጻፈው። «ይህ የነጋዴ ሥራ ነው፤ የወዳጅ ፍቅር በዚህ አይገለጥም» የሚል ቢኖር፥ ከሞሊየር ሞት በኋላ የሆነውን ይስማ። ከማኅበሩ የበረቱት አንዳንዶቹ ወደ ተቀናቃኙ ቴአትር ኰበለሉ፤ አዳራሻቸውን የሙዚቃው ሰው ሉሊ ወሰደው። ያን ጊዜ የቀሩትን ሰብስቦ የያዘ ይኸው መዝገብ ጸሐፊ ነው። በ1680 ዓ.ም. ንጉሡ ሁለቱን ማኅበር አንድ አደረገ፤ ያም ቴአትር እስከ ዛሬ የሞሊየር ቤት ይባላል። በ1682 ዓ.ም. ደግሞ ላግራንዥ የወዳጁን ድርሰት ሰብስቦ ከረዳቱ ጋራ በስምንት ጥራዝ አሳተመ። በ1665 ዓ.ም. ተጫውቶ የቆመው «ዶን ዡዋን» መጀመሪያ ከማተሚያ የገባው በዚህ ነው፤ እርሱም ቢሆን የመርማሪ እጅ ቈራርጦታል።

አጽሙ በ1792 ዓ.ም. ተቈፍሮ ወጣ፤ በ1817 ዓ.ም. ወደ ሌላ መካነ መቃብር ፈለሰ። ዛሬ ያ ዐፅም በእርግጥ የሞሊየር ነው ብሎ የሚምል የለም። መዝገቡ ግን በቴአትሩ ቤተ መጻሕፍት አለ።

የቅኔ ቤት ሰው ይህን ለማስተዋል ሩቅ አይሄድም። ቅኔ በማኅሌት አንድ ጊዜ ተሰምቶ የሚያልፍ ነው። መምህሩ ሲዘርፍ ከአጠገቡ ቆሞ የሚቀበል ደቀ መዝሙር ባይኖር ከዕጣኑ ጢስ ጋራ በጠፋ ነበር። መምህሬ ሞተ ብሎ የሚያለቅስ ደቀ መዝሙር፥ መወድሱስ ይቅርና ሁለት ቤት ያላትን ጉባኤ ቃና እንኳ በቃሉ ካልያዘ፥ የሚያለቅሰው ለማን ነው?

ወጋየሁ ንጋቱ የሐዲስ ዓለማየሁን «ፍቅር እስከ መቃብር» (በኢትዮጵያ አቈጣጠር በ1958 ዓ.ም. የታተመውን) በራዲዮ ሲተርክ ድምፁ በቴፕ ተይዟልና፥ እርሱ ካረፈ በኋላ የተወለደ ልጅም ያውቀዋል። በመድረክ የሠራው ግን ካዩት ሰዎች ጋራ እየሄደ ነው። ልዩነቱ የጥበቡ ማነስ አይደለም፤ አንዱን የያዘ ሲገኝ ሌላውን የያዘ በመጥፋቱ ነው።

እንግዲህ ለተዋናይ ዐርባ የሚሰበሰቡ ወዳጆች፥ ንግግር ከማዘጋጀታቸው በፊት የሟቹን ሣጥን ከቤተ ሰቡ ፈቃድ ተቀብለው ይክፈቱ። በየትኛው ጨዋታ የማንን ክፍል እንደ ተጫወተ፥ በስንት ዓመተ ምሕረት፥ በየትኛው አዳራሽ፥ ከእነማን ጋራ እንደ ሆነ እያንዳንዱ የሚያውቀውን ይጻፍ፤ በእጁ ምልክት ያደረገበትንም የጨዋታ ጽሑፍ ከቴፑና ከፎቶግራፉ ጋራ ለወመዘክር ያስረክቡ። ሣጥኑ ለሱቅ መጠቅለያ ከመሸጡ አስቀድሞ ይሁን።