የቆመውን እንሰት ማን ይቁጠረው?

በጌዴኦ ዞን በቡሌ ወረዳ የአንድ ገበሬ ቤተሰብ ሀብት ከባንክ ደብተር ይልቅ በጓሮው ይታያል፤ እንሰቱ፣ ወረድ ባለው ቀበሌ ደግሞ ቡናው፣ በመካከላቸው የቆሙት ዛፎች። ትዳር ሲፈርስ ግን የሙግቱ ሁሉ መነሻና መድረሻ መሬቱ ይሆናል። ባል «መሬቱ የአባቴ ነው» ይላል፤ በዚህች አንዲት ቃል የሚዘጋ ጉዳይ ብዙ ነው። ሚስት ለዓመታት የደከመችበትን ጓሮ ትታ ባዶ እጇን ወደ ወላጆቿ ቤት ትመለሳለች። የዚህ በደል ምንጭ የቆጠራ ጉድለት ይመስለኛል። ሕጉ አለ፤ የሚጎድለው በመሬቱ ላይ ያለውን ለይቶ የሚቆጥር ሰው ነው።

ሕጉ የሚለውን እንይ። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 34 ባልና ሚስት በጋብቻ አፈጻጸም፣ በጋብቻው ዘመንና በፍቺ ጊዜ እኩል መብት እንዳላቸው ይደነግጋል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ፍቺን ለቤተ ዘመድ ሽማግሌዎች ትቶ ጥፋተኛ የተባለውን ወገን በንብረት ክፍፍል መቅጣትን ይፈቅድ ነበር። በ1992 ዓ.ም. የጸደቀው የተሻሻለው የፌዴራል ቤተሰብ ሕግ ፍቺን ለፍርድ ቤት ሰጠ፤ የጋራ ንብረትም በእኩል ይከፈል አለ። የቀድሞው የደቡብ ክልልም በ1996 ዓ.ም. የራሱን የቤተሰብ ሕግ አውጥቷል። ለጌዴኦ ጓሮ ከሁሉም የሚበልጠው ግን ብዙ ሰው የማያስተውለው ድንጋጌ ነው፤ በፌዴራሉ ሕግ መሠረት ከአንዱ ተጋቢ የግል ንብረት የሚገኝ ገቢም ቢሆን የጋራ ነው። ስለዚህ መሬቱ በእርግጥ ከአባት የመጣ ቢሆን እንኳ፣ በትዳሩ ዘመን ከዚያ መሬት የተለቀመው ቡናና የተፋቀው እንሰት የሁለቱ ነው። በመሬት ላይ በጉልበት የተደረገ ቋሚ መሻሻል የባለጉልበቱ መብት መሆኑን ደግሞ የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 ያረጋግጣል።

የማን ጉልበት እንደሆነ ለማወቅ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። እንሰት ለቆጮ እስኪደርስ ዓመታት ይፈጃል፤ በእነዚያ ዓመታት ችግኙ ይዛወራል፣ ይኮተኮታል፣ ፍግ ይለብሳል። ፍግ ማመላለሱ፣ መፋቁ፣ ማብላላቱና ቡላውን ማውጣቱ በአብዛኛው የሴቶች ሥራ ነው። ዓለምም ይህን የእጅ ሥራ አክብሮ የጌዴኦን ባህላዊ መልክዓ ምድር በ2023 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት መዝግቦታል። በቅርስነት ጊዜ የምንኮራበት ጓሮ በፍቺ ጊዜ «ባዶ መሬት» ተብሎ ሊቆጠር አይገባም።

«መሬቱ ጠባብ ነው፤ ለሁለት ከተቆረሰ ሁለቱንም አያኖርም» የሚል ተቃውሞ ይነሳል። ስጋቱ እውነተኛ ነው፤ ጌዴኦ ሕዝብ ከተጨናነቀባቸው የገጠር አካባቢዎች አንዱ ነው። ይሁን እንጂ እኩል መካፈል ማለት የግድ በገመድ መክፈል ማለት አይደለም። መሬቱ ባለበት ይቆይና ግምቱ ይከፈል፤ ጥሬ ገንዘብ ከሌለ በየመኸሩ ከምርቱ ይታሰብ። «የቆመ ተክል እንዴት ይገመታል?» ለሚል መልሱ በመንግሥት እጅ አለ። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የመሬት ማስለቀቅና የካሳ አዋጅ ቁጥር 1161 ለሕዝብ ጥቅም ከሚነሳ ገበሬ ለሚወሰድ ቋሚ ተክል ካሳ እንዲከፈል ያዛል። መንገድ ሲያልፍ የቡናው እግር የሚቆጠር ከሆነ፣ ትዳር ሲፈርስ የማይቆጠርበት ምክንያት የለም።

ሌላው ተቃውሞ «ሶንጎ እያለ ፍርድ ቤት ምን ይሠራል?» የሚል ነው። የጌዴኦ ሽማግሌዎች ሸንጎ ቤተሰብን ከዲላ የፍርድ ቤት ምልልስና ከጠበቃ ወጪ ያድናል፤ ሕገ መንግሥቱም ተከራካሪዎቹ ከፈቀዱ የግልና የቤተሰብ ጉዳይ በባህላዊ ሕግ እንዲዳኝ በር ክፍት አድርጓል። ይሁን እንጂ ፈቃድ ፈቃድ የሚሆነው ሚስት ድርሻዋን አውቃ ስትስማማ ነው። ያልተቆጠረ ሀብት ላይ የተደረገ ዕርቅ አንዱ ወገን የሚተወውን ሳያውቅ የተወበት ዕርቅ ነው። ስለዚህ ሽማግሌዎቹ ያስታርቁ፤ ከዚያ በፊት ግን እንሰቱም ቡናውም ዕዳውም ይመዝገብ። ለቤቱ ጥቅም የተወሰደ የማዳበሪያ ብድር የሁለቱም ዕዳ ነው፤ ሀብቱ ለአንዱ፣ ዕዳው ለሌላው ሊሆን አይችልም። የልጆች ቀለብም በዚሁ መዝገብ ላይ ቢመሠረት «የለኝም» የሚል አባት በቡና ሽያጭ ወቅት ምን እንዳለው ይታወቃል።

«መብቷን ማሳወቅ ፍቺን ያበዛል» የሚሉም አሉ። ሴትን በባዶ እጅ የመውጣት ፍርሃት ብቻ ያቆያት ትዳር ግን ቀድሞም የጸና አልነበረም፤ ባልም ሀብቱ እኩል እንደሚከፈል ካወቀ ሚስቱን በቀላሉ አያሰናብትም።

የሚያስፈልገው አዲስ አዋጅ ሳይሆን ቆጠራውን በጊዜው ማድረግ ነው። ሕጉ የፍቺ ክስ እንደቀረበ ፍርድ ቤቱ ስለ ንብረቱ አጠባበቅ ትእዛዝ እንዲሰጥ ሥልጣን ሰጥቶታል። የወረዳው ፍርድ ቤት ይህን ሥልጣን ተጠቅሞ የቀበሌውን የመሬት አስተዳደርና የግብርና ባለሙያ በዚያው ሳምንት ወደ ጓሮው ይላክ። ሙግቱ ዓመት ከቆየ በኋላ የሚላክ ቆጣሪ የሚያገኘው የተነቀለ እንሰትና የተሸጠ ቡና ነው።