አንድ ዘር፥ ሁለት መልክ

ፍጡር ከአባት ከእናቱ የሚወርሰው የጸና መልክን ነውን? ወይስ እንደ ኑሮው ሁኔታ መልኩን የመለወጥ ችሎታን? ይህ ጥያቄ ስለ ዝግመተ ለውጥ በሚደረገው ክርክር ውስጥ ትልቅ ስፍራ ይዟል። ለመልሱም የበረሃ አንበጣ መልካም ምስክር ነው።

አንበጣ ብቻውን ሲኖር ወገኑን ይሸሻል፤ በሌሊትም ይበርራል። ዝናም ዘንቦ ከተራባ በኋላ ሣሩ አልቆ በጠባብ ስፍራ ሲጨናነቅ ግን ጠባዩ በጥቂት ሰዓት ይለወጣል፤ ቈይቶም መልኩ ይከተላል። አረንጓዴ የነበረው ኩብኩባ ቢጫና ጥቁር ይሆናል፤ መንጋውም በቀን እየበረረ አገር ያጠፋል። ቦሪስ ኡቫሮቭ በ1921 እ.ኤ.አ. ሁለት ልዩ ዓይነት ይባሉ የነበሩ አንበጦች የአንድ ዓይነት ሁለት መልክ መሆናቸውን ገለጠ። ዘራቸው አንድ ነው፤ የተለየው ኑሯቸው ነው።

እንዲህ ያለው ለውጥ ኀላፊ ስለ ሆነ በዝግመተ ለውጥ ውስጥ ዋጋ የለውም የሚሉ አሉ። ነገር ግን ኮንራድ ዋዲንግተን በ1953 እ.ኤ.አ. ያሳተመው ምርመራ ይህን አሳብ ይቃወማል። ገና ክንፍ ሳያወጡ በሽፋናቸው ውስጥ ያሉትን የፍራፍሬ ዝንቦች በሙቀት ቢያስጨንቃቸው፥ በአንዳንዶቹ ክንፍ ላይ ከሚታዩት አግዳሚ መስመሮች አንዱ ጎደለ። እነዚያን ብቻ እየመረጠ ቢያራባ፥ ከ14 ትውልድ ያህል በኋላ ሙቀት ሳይነካቸው መስመሩ የጎደላቸው ዝንቦች ተገኙ። ሙቀቱ በዘራቸው ላይ አዲስ ነገር አልጻፈም፤ ተሰውሮ የነበረውን ልዩነት ገለጠ እንጂ። ያንንም ምርጫ ሰብስቦ አጸናው።

ስለዚህ «የዳርዊን ትምህርት ፈረሰ» ብሎ መቸኰልም አይገባም። በ2014 እ.ኤ.አ. ኔቸር በተባለው መጽሔት ሊቃውንት በሁለት ተከፍለው ሲከራከሩ፥ ነገሩ ለእንዲህ ያለው ለውጥ ምን ያህል ክብደት ይሰጠው የሚል እንጂ የተፈጥሮን ምርጫ የሚክድ አልነበረም። ተገቢው ፍርድ ይህ ነው፤ አካባቢ መልክን ያወጣል፥ ምርጫም የወጣውን ይመዝናል።

ይህን ለይቶ ማወቅ ለመንፈሳዊ ተማሪ ይልቁን ያስፈልገዋል። ሊቃውንት በተከራከሩ ቍጥር ዕውቀታቸው ወደቀ ብሎ የሚደሰት ሰው፥ ክርክሩ በተፈታ ጊዜ እምነቱን ለዘበት ያጋልጣል። «አንድም» እያሉ የሚተረጕሙትን መምህራን የሰማ ደቀ መዝሙር ግን የፍቺ መብዛት ንባቡን እንደማያፈርሰው ያውቃል፤ ፍጥረትንም በዚሁ ትዕግሥት ሊመረምር ይገባዋል።