ኮምፒውተርና የትንሹ ሒሳብ ቢሮ ዕድገት

የበጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ቀን ሲዘጋ ለነጋዴው አሮጌው ዓመት ያልቃል፤ ለሒሳብ ሠራተኛው ግን ዋናው ሥራ የሚጀምረው ያን ጊዜ ነው። ከሐምሌ እስከ ጥቅምት ባሉት ወራት ደንበኛው ሁሉ ደረሰኙን ይዞ በአንድነት ይመጣል። ሦስት ወይም አራት ሠራተኞች ያሉት ቢሮ በዚህ ጊዜ አዲስ ደንበኛ ቢያገኝ እንኳ ለመቀበል ይቸገራል። እንግዲህ ትንሹን ቢሮ ከዕድገት የሚያግደው ብዙ ጊዜ ገበያ ማጣት ሳይሆን ሰዓት ማጣት ነው። የኮምፒውተርም ጥቅም መመዘን ያለበት በዚሁ በኩል ነው።

ሰዓቱ ወዴት ይሄዳል? ኢጣልያዊው መነኩሴ ሉካ ፓቾሊ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1494 በቬኒስ ባሳተመው መጽሐፍ እንዳስረዳው፣ በድርብ አመዘጋገብ እያንዳንዱ ገንዘብ በዴቢትና በክሬዲት ይጻፋል። ሥራው በእጅ ሲሆን ቁጥሩ ከደረሰኝ ወደ ጆርናል፣ ከጆርናል ወደ ሌጀር፣ ከዚያም ወደ ሚዛኑ ይገለበጣል። በመካከሉ 54 የነበረው 45 ተብሎ ቢጻፍ ሚዛኑ አልገጥም ይላል፤ ስሕተቱን ፍለጋም ቀኑ ያልቃል።

ኮምፒውተር ይህን ግልበጣ ያስቀራል። ቁጥሩ አንድ ጊዜ በትክክል ከገባ ሌጀሩንም፣ ሚዛኑንም፣ የ15 በመቶውን የተጨማሪ እሴት ታክስ ስሌትም መሣሪያው ያወጣዋል። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1979 ዳን ብሪክሊንና ቦብ ፍራንክስተን ቪዚካልክ የተባለውን ሠንጠረዥ ካወጡ ወዲህ፣ አንድ ቁጥር ሲለወጥ ድምሩ ሁሉ በቅጽበት የሚታረም ሆነ። በኋላ በነበሩት ዓመታት በአሜሪካ የመዝገብ ጸሐፊዎች ቁጥር ሲቀንስ የሒሳብ ዐዋቂዎች ቁጥር ግን ጨመረ። ስሌት ሲረክስ የነጋዴው ጥያቄ በዛ፤ ዋጋ ብጨምርስ፣ ብድር ብወስድስ ይል ጀመር።

በአገራችንም በ2006 ዓ. ም. የወጣው የፋይናንስ ሪፖርት አዋጅ ቁጥር 847 የሚመለከታቸው ድርጅቶች መግለጫቸውን በዓለም አቀፍ ደረጃ እንዲያዘጋጁ ስለሚያዝ፣ የሚፈለገው ደማሪ ብቻ ሳይሆን አስረጅና መካሪ ነው።

ይሁን እንጂ መሣሪያ መግዛት ብቻውን ቢሮ አያሳድግም። በስሕተት የገባ ቁጥር በስሕተት ይወጣል፤ በንጹሕ ወረቀት ታትሞ ስለሚወጣም እውነት ይመስላል። ስለዚህ አዲሱን ሥራ ለጥቂት ወራት ከእጅ መዝገቡ ጋር እያስተያዩ ማስኬድ፣ በየዕለቱ ቅጂ አውጥቶ በሌላ ስፍራ ማስቀመጥና የደንበኛን ምስጢር በይለፍ ቃል መጠበቅ ያስፈልጋል። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች የተባለው ለዚህም ይሠራል።

ወጣቱ የሒሳብ ተማሪም በመደመር ፍጥነት ከመሣሪያው ጋር አይወዳደር። ከግልበጣ የተረፈው ሰዓት የደንበኛን ችግር ለመመርመር ከዋለ ቢሮው ያድጋል። ካልዋለ ግን የተገዛው ውድ የመደመሪያ መኪና ብቻ ነው።