ጎማ ከመግዛታችሁ በፊት ጎኑን አንብቡ

ይህ አምድ ብዙ ጊዜ የሚያወራው ስለ ልጆች ትኩሳት፣ ስለ ደም ግፊትና ስለ ስኳር ነው። ዛሬ ግን ስለ መኪና ጎማ ልጽፍ ነው። ጥያቄውን ያመጡልኝ ደነባ ያሉ አንዲት ጎረቤቴ ናቸው። ልጃቸው ወደ ደብረ ብርሃን የሚመላለስ ሚኒባስ ይነዳል። ክረምቱ ሳይጠና አራቱንም ጎማ መቀየር አለበት፤ ገንዘቡን የሚያዋጣው ደግሞ ቤተሰቡ ነው። ሁለት ምርጫ ቀርቦለታል። አንደኛው «ያገለገለ ነው፣ ግን ኦሪጅናል የጃፓን» የተባለ ጎማ ነው። ሁለተኛው ስሙን ሰምተውት የማያውቁት አዲስ የቻይና ጎማ ሲሆን ዋጋው ከእጥፍ በላይ ነው። «ሲስተር፣ አንቺ ታነቢያለሽ፤ የቱ ነው ልጄን የሚያዋጣው?» አሉኝ።

መልሴን አስቀድሜ ልንገራችሁ፤ አዲሱ ነው። ይህን ያልኩት ግን አዲስ ስለሆነ ብቻ ሳይሆን የሁለቱንም ጎን ካነበብን በኋላ ነው።

ጉዳዩ ከጤና የራቀ አይምሰላችሁ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው ሪፖርት መሠረት በዓለም ላይ በየዓመቱ 1.19 ሚሊዮን ያህል ሰው በመንገድ አደጋ ይሞታል። ከ5 እስከ 29 ዓመት ባሉ ልጆችና ወጣቶች ዘንድ ከሞት ምክንያቶች ሁሉ ቀዳሚው ይኸው ነው። በክትባት ከኩፍኝ ያተረፍናቸውን ልጆች መንገድ ላይ እንቀማለን ማለት ነው። አደጋ በደረሰ ቁጥር «ፍሬን እምቢ ብሎት ነው» ሲባል እንሰማለን። ፍሬን ግን የሚያቆመው የሚሽከረከረውን እግር ነው፤ መኪናው የሚቆመው ጎማው መሬቱን ቆንጥጦ ከያዘ ብቻ ነው። የአንድ ትንሽ መኪና ጎማ መሬት የሚነካው ደግሞ ከአንድ መዳፍ ብዙም በማይበልጥ ቦታ ነው። ሰው የሞላው፣ ጣራው ላይ የምስር ጆንያ የተደረደረበት ሚኒባስ ቁልቁለት ሲወርድ የሚተማመነው በእነዚያ አራት መዳፎች ነው።

መድኃኒት ስትገዙ መጀመሪያ የምታዩት ጊዜው የሚያልፍበትን ቀን ነው፤ ጎማም የተሠራበት ቀን አለው። ጎኑ ላይ «ዶት» ተብለው የሚነበቡ ሦስት የእንግሊዝኛ ፊደላት አሉ። ከእነሱ ቀጥሎ የሚመጣውን የፊደልና የቁጥር ሰልፍ ተከተሉት፤ መጨረሻ ላይ ያሉት አራት አኃዞች ናቸው የሚፈለጉት። 2323 የሚል ከሆነ በፈረንጆቹ 2023 በ23ኛው ሳምንት ተሠርቷል፤ በእኛ አቆጣጠር 2015 ግንቦት ሊያልቅ ሲል ማለት ነው። ቁጥሩን ካጣችሁት ጎማውን አዙሩት፤ ሙሉው ብዙ ጊዜ የሚጻፈው በአንዱ ጎን ብቻ ነው። በአራት ፈንታ ሦስት አኃዝ ካገኛችሁ ጎማው የተሠራው ከ2000 በፊት ነው፤ ሻጩን በሰላም ተሰናብታችሁ ውጡ።

ላስቲክ ተቀምጦም ያረጃል። ፀሐይና አየር ያደርቁታል፣ ስንጥቅጥቅ ይላል፣ ከውስጥ ያለው ሽቦና ጨርቅ ከላስቲኩ መላቀቅ ይጀምራል። ትልልቆቹ አምራቾች ጎማ አምስት ዓመት ካገለገለ በኋላ በየዓመቱ በባለሙያ እንዲታይ፣ ከተሠራ አሥር ዓመት ከሞላው ደግሞ ጥርሱ ባያልቅም እንዲጣል ይመክራሉ። እኔ በእኛ ደጋ ፀሐይ አሥሩን ዓመት አልጠብቅም። ጥርሱ ያልተነካ የሚመስል ያገለገለ ጎማ ብዙውን ሰው የሚያታልለው እዚህ ላይ ነው። ጥርሱ በጥፍር ሲለካ አዲስ ይመስላል፤ ቁጥሩ ግን አሥራ ሁለት ዓመት ይላል። ሁለተኛው የማታለያ መንገድ ካላማዳሪ ነው። ያለ ካላማዳሪ እንዲሠራ የተፈበረከ ጎማ ጎኑ ሲቆረጥ ውስጡ ካላማዳሪ ከትተው ይሸጡታል። ስለዚህ ያገለገለ ጎማ የምትገዙ ከሆነ ከቸርኬው ወርዶ የውስጡን ግድግዳ በእጃችሁ ዳስሱት። ልጥፍ ያለው ጥርሱ መሐል ከሆነ ችግር የለውም፤ ጎኑ ላይ ከሆነ ግን ጎማው ለበረባሶ እንጂ ለመኪና አይሆንም።

ወደ ጎረቤቴ ልጅ ልመለስ። ያ «ኦሪጅናል የጃፓን» የተባለው ጎማ ጎኑ ላይ «ስተድለስ» የሚል ጽሑፍ አለበት። ይህ በበረዶ አገር ለክረምት የሚሠራ ጎማ ነው። ያገለገሉ መኪኖች ከጃፓንና ከአውሮፓ ሲመጡ እንዲህ ዓይነቱን ተጫምተው ይመጣሉ። ሌላው ምልክቱ ሦስት ጫፍ ያለው ተራራ ውስጥ የበረዶ ቅንጣት የተሣለበት ሥዕል ነው። የክረምት ጎማ ላስቲኩ ለስላሳ ነው፤ ከ7 ዲግሪ ሴልሺየስ በታች ባለ ብርድ እንዳይደርቅ ታስቦ የተሠራ ነው። ደብረ ብርሃን በኅዳርና በታኅሣሥ ጠዋት ውርጭ እንደሚጥል ማን ይስተዋል? ረፋዱ ላይ ግን አስፋልቱ ይሞቃል፣ ሸዋ ሮቢት ስትወርዱማ ምድጃ ነው። በሞቀ መንገድ ላይ ያ ለስላሳ ላስቲክ ቶሎ ይበላል፤ ፍሬን ሲያዝም መኪናው ራቅ ብሎ ነው የሚቆመው። የፈረንጅ «ክረምት» በረዶ ነው፤ የእኛ ክረምት ዝናብ ነው። «ኦል ሲዝን» የሚባለውን ጎማ እኛ ስንመርጥ ስለ በረዶ አንጨነቅም፤ የምንጠይቀው በእርጥብ አስፋልት ላይ ይይዛል ወይ ብለን ነው።

ይህን ጥያቄ የሚመልሱ ሁለት ምልክቶች አሉ። የቤት መኪና ጎማ በአሜሪካ መመዘኛ የተፈተሸ ከሆነ ጎኑ ላይ ሦስት ነገር ይጻፋል። የመጀመሪያው እንደ 300፣ 400፣ 500 ያለ የዕድሜ ቁጥር ነው። ሁለተኛው የእርጥብ መንገድ አያያዝ ሲሆን ኤኤ ከሁሉ ይበልጣል፣ ከዚያ ኤ፣ ቢና ሲ ይከተላሉ። ሦስተኛው ሙቀትን መቋቋም ነው፤ እሱም ከኤ እስከ ሲ ነው። የዕድሜውን ቁጥር የሚሰጠው አምራቹ ራሱ ስለሆነ የአንዱን ፋብሪካ ከሌላው ጋር ለማወዳደር ብዙም አልተማመንበትም፤ የአንድን ፋብሪካ ሁለት ጎማዎች ለማወዳደር ግን ይጠቅማል። ሁለተኛው ምልክት አዲስ ጎማ ላይ የሚለጠፈው የአውሮፓ ወረቀት ነው፤ የዝናብ ደመና ከተሣለበት አጠገብ ከኤ እስከ ኢ ያለ ፊደል አለ። ገንዘብ ካጠረ የዝናቡን ፊደል አትቀንሱ፤ የዕድሜውን ቁጥር ብትቀንሱ ይሻላል። ዕድሜው ያጠረ ጎማ የሚያስከፍላችሁ ገንዘብ ነው።

አዲስ ጎማ ጥርሱ ብዙውን ጊዜ 8 ሚሊ ሜትር ገደማ ይጠልቃል። በጥርሶቹ መካከል ባለው ቦይ ውስጥ ትንንሽ ጉብታዎች አሉ፤ ቁመታቸው 1.6 ሚሊ ሜትር ነው። ጥርሱ አልቆ ከጉብታዎቹ ጋር ሲስተካከል በብዙ አገር ሕግ ጎማው መንገድ ላይ መውጣት የለበትም። እኔ ለዝናብ ወቅት 3 ሚሊ ሜትር ሲቀረው እንዲቀየር እመክራለሁ። ቦዩ ሥራው ውኃውን ወደ ጎን ማስወጣት ነው፤ ጥልቀት ሲያጣ ጎማው ውኃው ላይ ይንሳፈፋል፣ መሪውም ይቀልላል። በዚያን ጊዜ ፍሬን መርገጥ አያድንም።

ስለ ዋልካ ደግሞ ጥቂት ልበል፤ ከደነባ እስከ እነዋሪ ያለው ሰው ያውቀዋልና። ዋልካ ጭቃ ቦዩን ሞልቶ ምርጡንም ጎማ ሙልጭ ያለ ያደርገዋል። ለገጠር መንገድ ተብሎ ጥርሱ የሰፋ ጎማ ጭቃውን እየጣለ ስለሚሄድ ይሻላል፤ አስፋልት ላይ ግን ይጮኻል፣ በእርጥብ አስፋልትም አያያዙ ብዙ ጊዜ ያንሳል። መኪናው አብዛኛውን ቀን በየትኛው መንገድ ላይ እንደሚውል አስቡና ለዚያ ግዙ። በነሐሴ ጭቃ ውስጥ መግባት ግድ ከሆነ እስኪጠነፍፍ መጠበቅን የሚተካ ጎማ በየትኛውም ዋጋ አይገኝም።

አሁን ወደ ክብደት እንምጣ፤ የጎረቤቴን ጉዳይ የቆረጠው እሱ ነው። ጎማ ላይ 195/65 አር 15 91 ኤች የሚል ብታዩ፣ 195 ስፋቱ በሚሊ ሜትር ነው፣ 65 የጎኑ ቁመት ከስፋቱ ስንት በመቶ እንደሆነ ነው፣ 15 የቸርኬው መጠን በኢንች ነው። 91 የሚሸከመው ክብደት መለያ ነው፤ አንዱ ጎማ 615 ኪሎ ማለት ነው። ለሚኒባስና ለጭነት የሚሠራው ጎማ ከመጠኑ ቀጥሎ «ሲ» የሚል ፊደል አለው፤ መለያው 106 ከሆነ አንዱ 950 ኪሎ ይሸከማል። ከቸርኬው ጋር ስለገጠመ ብቻ የቤት መኪና ጎማ ሚኒባስ ላይ የሚያስሩ አሉ። ያ የጃፓን ጎማ 91 ነበር፤ የቻይናው 106፣ ከነ «ሲ» ፊደሉ። በገበያ ቀን ስንት ኩንታል ጣራ ላይ እንደሚወጣ ለሚያውቁ እናት ከዚህ በላይ ማስረዳት አላስፈለገኝም።

የመጨረሻው ፊደል የፍጥነት ነው። ቲ እስከ 190፣ ኤች እስከ 210፣ ቪ እስከ 240 ኪሎ ሜትር በሰዓት ይፈቅዳል። «ሃይ ፐርፎርማንስ» እየተባለ የሚወደሰው ብዙውን ጊዜ ኤችና ከዚያ በላይ ነው። ፊደሉ ከፍ ሲል ሙቀት የመቋቋም አቅሙም ከፍ ይላል፤ ያ መልካም ነው። መኪናው ከሚጠይቀው ፊደል በታች አትውረዱ። ነገር ግን ለቪ ተጨማሪ ብር ከፍሎ ከደብረ ብርሃን አዲስ አበባ ያለውን 130 ኪሎ ሜትር ከከባድ መኪና ኋላ ለሚነዳ ሰው ምን ይሠራለታል? ጎረምሶቻችን የሚወዱት ትልቅ ቸርኬና ስስ ጎን ያለው ጎማ ደግሞ ለሠርግ ያምራል፤ ጉድጓድ ሲያገኘው ግን ቸርኬው ይጣመማል። ለእኛ መንገድ ጎኑ ቆም ያለ፣ 65 ወይም 70 የሆነው ይሻላል፤ ዋጋውም ይቀንሳል።

ስለ ስም እምብዛም አልከራከርም። ሚሸሊን፣ ብሪጅስቶን፣ ዮኮሃማ ጥሩ ናቸው፤ ዋጋቸውንም ታውቃላችሁ። «የጃፓን» የሚባለው ብሪጅስቶን በታይላንድ ወይም በኢንዶኔዥያ የተሠራ ሊሆን ስለሚችል የተሠራበትን አገር ጎኑ ላይ ፈልጉ። መሐል ላይ የኮሪያዎቹ ሃንኩክና ኩምሆ፣ የህንዱ አፖሎ፣ የኢንዶኔዥያው ጂቲ ራዲያል አሉ። የቻይናዎቹ ሊንግሎንግ፣ ትራያንግልና ሳይሉን በዋጋ ይቀላሉ። የአገራችን ፋብሪካ በፊት ማታዶር አዲስ፣ ኋላ ሆራይዘን አዲስ ጎማ የተባለው ነው። መርካቶ ጎማ ተራ ብትሄዱም ደብረ ብርሃን ብትገዙም ምልክቶቹ አንድ ናቸው። ቀኑ ትኩስ፣ የዝናቡ ፊደል ኤ ወይም ቢ፣ ክብደቱ የሚበቃ ከሆነ መካከለኛ ስም ያለው አዲስ ጎማ ከትልቅ ስም አሮጌ ይሻላል።

በገንዘብም ቢሆን ርካሹ አያዋጣም። ለስሌት ያህል ያገለገለው 6,000 ብር ተገዝቶ 15,000 ኪሎ ሜትር ሄደ እንበል፤ ለ1,000 ኪሎ ሜትር 400 ብር ወጣ። አዲሱ 15,000 ብር ተገዝቶ 50,000 ቢሄድ ለዚያው መንገድ 300 ብር ነው። እናንተ የተነገራችሁን ዋጋ አስገቡና አስሉት።

አራቱን በአንድ ጊዜ መግዛት ካልተቻለ ሁለት ግዙ፤ አዲሶቹን ግን ከኋላ እሠሩ። ጎሚስታው ይከራከራችኋል፤ ብዙ ሰው አዲሱን ከፊት ነውና የሚያስረው። የፊቱ ሲንሸራተት ሾፌሩ መሪው ላይ ይሰማዋል፣ ፍጥነት ቀንሶ ይመልሰዋል። የኋላው ሲንሸራተት ግን መኪናው ይሽከረከራል፤ ያንን የሚመልስ ሾፌር ጥቂት ነው።

ነዳጅ የሚጠቀሙ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ከተከለከለ ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ ልጆቻችሁ የኤሌክትሪክ መኪና የገዙ ካሉ፣ ባትሪው ከባድ ስለሆነ ጎማ ቶሎ ይበላል። ጎማው ላይ «ኤክስ ኤል» የሚል ካለ በሌለው አትተኩት።

ነፋስ የሚሞላው ጠዋት፣ መኪናው ሳይነሳ ነው። ልኩ በሾፌሩ በር ፍሬም ላይ ተለጥፏል፤ 220 የሚል ካለ 32 ፒኤስአይ ማለት ነው። ጎሚስታው «ስንት ልሙላው?» ሲል «እንደ ሁልጊዜው» አትበሉት። ነፋስ ያነሰው ጎማ ጎኑ እየታጠፈ ይሞቃል። ከ3,000 ሜትር በላይ ካለው ጣርማ በር ዋሻ ተነስቶ 1,300 ሜትር ገደማ ወዳለው ሸዋ ሮቢት በአንድ ትንፋሽ በሚወርድ መኪና ላይ ይህ ሙቀት ጎማ ያፈነዳል።

ልጅ ልጆቻችሁን ትምህርት ቤት የሚያመላልሰውን ሰርቪስም ጠዋት ልጁን ስታስገቡ ጎንበስ ብላችሁ እዩት። ለቦሎ ምርመራ ቀን ጎማ ተውሶ የሚሄድ እንዳለ እሰማለሁና፣ ተለጣፊውን አይታችሁ አትመለሱ። ሾፌሩን «ጋሼ፣ ጎማው የስንት ዓመት ነው?» ብላችሁ ጠይቁት። አላውቅም ካለ አራቱን አኃዝ አብራችሁ አንብቡ፤ ሁለት ደቂቃ አይፈጅም።