ካርታው አንድ፣ አፑ ሦስት

በሰኔ 2012 ዓ.ም መጨረሻ በመላ አገሪቱ ኢንተርኔት ተቋርጦ ሦስት ሳምንት ገደማ ሲቆይ፣ ጉግል ማፕን የለመደ ሾፌር ካርታውን ቀድሞ ካላወረደ በቀር ስልኩ መንገድ ሊያሳየው አልቻለም። ጂፒኤሱ ግን ይሠራ ነበር። ሳተላይት የማንንም ኔትወርክ ፈቃድ አይጠይቅም። የጎደለው ካርታው ብቻ ነው።

ይህን ጉድለት የሚሞሉ፣ ኮዳቸው ለሁሉም ክፍት የሆነ አፖች አሉ። ዛሬ በብዛት ስማቸው የሚነሳው ኦስማንድ፣ ኦርጋኒክ ማፕስና ኮማፕስ ናቸው። የኢትዮጵያን ካርታ አንዴ ያወረደ ሰው ከዚያ በኋላ ያለ ዳታ ይጠቀማቸዋል። ሦስቱም ካርታቸውን የሚወስዱት ከአንድ ቦታ ነው፤ በ2004 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝ ተጀምሮ በጎ ፈቃደኞች ከሚሞሉት ከኦፕን ስትሪት ማፕ።

ታዲያ ካርታው አንድ ከሆነ ፉክክሩ በምን ላይ ነው?

ነገሩ የሚገባው ከኋላ ሲጀምሩት ነው። በ2011 ቤላሩሳውያን ፕሮግራመሮች ማፕስ ዊዝ ሚ የሚባል ፈጣን አፕ ሠሩ፤ በኋላ ማፕስ ሚ ተባለ። በ2014 የሩሲያው ሜይል ዶት ሩ ገዛው። በ2015 ኮዱ ለሕዝብ ተከፈተ። በ2020 መጨረሻ ደግሞ እንደገና ለሌላ ኩባንያ ተሸጠ። ያኔ መሥራቾቹ ክፍቱን ኮድ ይዘው ወጡና ማስታወቂያና ክትትል የሌለበት ኦርጋኒክ ማፕስን አቋቋሙ። አራት ዓመት አልፎ፣ በ2025፣ ተራው የእነሱ ሆነ። ያለ ክፍያ ሲያግዟቸው የነበሩ በጎ ፈቃደኞች «መዋጮው የት ይገባል? የሚወስነውስ ማነው?» ብለው ጠየቁ። መግባባት ሲጠፋ ያንኑ ኮድ ይዘው ኮማፕስን መሠረቱ። መሥራቾቹ ሌላው ላይ ያደረጉት በራሳቸው ላይ ደረሰ።

ብዙ ሰው ይህን የመከፋፈል በሽታ ይለዋል። እውነት አለው። ሁለት ቡድን አንድን ስህተት ሁለት ጊዜ ያርማል፣ ጉግልን የሚያህል ተፎካካሪ እያለ ጉልበት ይባክናል። ግን አፑ ሁለት ጊዜ ሲሸጥ፣ ቡድኑ ሁለት ጊዜ ሲሰነጠቅ፣ ካርታው ላይ የተሠራው ሥራ አንዲት መስመር አልጠፋም። በኮማፕስ የተመዘገበ የሰፈር ፋርማሲ ወደ ኦፕን ስትሪት ማፕ ይገባል፤ ካርታው ሲታደስ ኦስማንድ ላይም ይታያል። ጉግል ማፕ ላይ በነጻ የተመዘገበ ፋርማሲ ግን የጉግል ንብረት ሆኖ ይቀራል። ኮዱና ካርታው ክፍት ባይሆኑ ኖሮ የ2020ው ሽያጭ የሁሉም ነገር ማብቂያ ይሆን ነበር።

ለመምረጥ ለሚቸገር፦ ከተማ ውስጥ ለሚዞር ኦርጋኒክ ማፕስ ወይም ኮማፕስ ይበቃዋል፤ ልዩነታቸው ለጊዜው ከአሠራራቸው ይልቅ በአስተዳደራቸው ነው። ከ2010 ጀምሮ ያለው ኦስማንድ በራሱ መንገድ የመጣ ነው። የተራራ ከፍታ መስመር፣ የጉዞ ምዝገባ፣ የማያልቅ ማስተካከያ አለው። ሰሜን ተራሮችን በእግር ለሚወጣ ይረዳል። ለጀማሪ ግን ሜኑው ራሱ ካርታ ይፈልጋል። በፕሌይ ስቶር ያለው ነጻ ቅጂም የሚወርደውን ካርታ ብዛት ይገድባል።

ፉክክሩ የማይነካው ግን አንድ ነገር አለ። በ2016 ዓ.ም በኮሪደር ልማት የፒያሳ ብዙ ቤት ፈረሰ። ከዚያ በፊት ካርታውን አውርዶ ያላደሰ ሰው ዛሬም የፈረሰውን ሰፈር ያያል። የአማርኛ ስምም ችግር ነው፤ በፊደል የተጻፈ ስም ካልገባለት ፈላጊው መገናኛን በላቲን እንዴት እንደጻፉት እየገመተ ይሞክራል። ይህን የሚያስተካክለው ቤርሊን ወይም ሚንስክ ያለ ፕሮግራመር አይደለም። ሦስቱም አፖች ውስጥ ሱቅና ስም ማስገቢያ አለ፤ በኦፕን ስትሪት ማፕ አካውንት መክፈት ብቻ ይጠይቃል፣ ክፍያ የለውም። የአዲስ አበባ ነዋሪ አፕ ሲያማርጥ ከሚያጠፋው ጊዜ አሥር ደቂቃውን የሰፈሩን ስም በማስገባት ቢያሳልፍ፣ ካርታው ሲታደስ ሦስቱም አፕ ይሻሻልለታል።