የክረምቱ ትንበያ ለአርሶ አደሩ ከነዕድሉ ይድረስ

ግንቦት ሲገባ አርሶ አደሩ የሚጠይቀው አንድ ነው፤ የዘንድሮው ክረምት እንዴት ይሆናል? መልሱ ከኢትዮጵያ ሚቲዎሮሎጂ ኢንስቲትዩት ተነስቶ በክልል፣ በዞንና በወረዳ አልፎ ቀበሌ ሲደርስ ብዙ ጊዜ «ዝናቡ መደበኛ ይሆናል» በሚል አንድ መስመር ይቋጫል። መንገድ ላይ የሚቀረው ግን ለውሳኔ የሚያስፈልገው ክፍል ነው። ትንበያው ከነዕድሉ፣ ከነፈተናው ውጤት ለአርሶ አደሩ ሊደርስ ይገባል።

አዘገጃጀቱን ማወቅ ምክንያቱን ግልጽ ያደርጋል። የነገን ዝናብ ለመገመት የዛሬውን የአየር ሁኔታ ማወቅ በአብዛኛው ይበቃል። የሦስት ወሩን ግን አየሩ ብቻውን አይነግረንም፤ ቶሎ ቶሎ ይለዋወጣልና። ቀስ ብሎ የሚለወጠው ውቅያኖሱ ነው። በፓስፊክ ውቅያኖስ የምድር ወገብ አካባቢ ያለው ውኃ ከወትሮው ሲሞቅ፣ ማለትም ኤልኒኖ ሲከሰት፣ የክረምት ዝናባችን የመቀነስ አዝማሚያ ያሳያል። ነፋሱ ውኃውን ይገፋል፤ የሞቀው ውኃ መልሶ ነፋሱን ይለውጣል። ስለዚህ የትንበያ ማዕከላት የአየሩንና የውቅያኖሱን የኮምፒዩተር ሞዴሎች አጣምረው፣ ሙቀትና እርጥበት እየተለዋወጡ እንዲያሰሉ ያደርጓቸዋል።

ማጣመሩ ብቻውን ዋስትና አይሆንም። በአንዱ ሞዴል ያለች ትንሽ ስሕተት ወደ ሌላው ተሻግራ ልትሰፋ ትችላለች። በመሆኑም ሞዴሉ ባለፉት ዓመታት ይፈተናል፤ የዚያን ጊዜውን መነሻ መረጃ ብቻ ተሰጥቶት ይተነብያል፣ ውጤቱም በእርግጥ ከዘነበው ጋር ይመሳከራል። የአውሮፓ የመካከለኛ ጊዜ የአየር ትንበያ ማዕከል በ2017 እ.ኤ.አ. ሥራ ላይ ያዋለው የወቅት ትንበያ ሥርዓት ከ1981 ጀምሮ ባሉት ዓመታት ተፈትኗል። በየወሩም መነሻውን በጥቂቱ እየለዋወጠ 51 ጊዜ ያሰላል። ውጤቶቹ አንድ ዓይነት አይሆኑም። ትንበያው ከመደበኛ በላይ፣ መደበኛና ከመደበኛ በታች ተብሎ በሦስት ዕድሎች የሚቀርበው ለዚህ ነው።

ከመደበኛ በታች የመሆን ዕድሉ 45፣ መደበኛ የመሆኑ 35፣ ከመደበኛ በላይ የመሆኑ 20 በመቶ ነው እንበል። ይህ «ድርቅ ይመጣል» ማለት አይደለም። ይሁንና በሚያዝያ የዘራው ማሽላ ያልበቀለለት የቆላ አርሶ አደር ማሽላውን ይድገም ወይስ ማሳውን ቶሎ ለሚደርስ ጤፍ ያቆይ የሚለውን ሲወስን ይረዳዋል። «መደበኛ ነው» ብቻ የተባለው ግን አንዱን ዘር አፍሶ ይጠብቃል። በ2007 ዓ.ም. በልጉም ክረምቱም በብዙ አካባቢ ሲያጥር፣ በ2008 ዓ.ም. 10 ነጥብ 2 ሚሊዮን ሕዝብ የምግብ እርዳታ ፈላጊ እንደነበር አንርሳ።

አንዳንድ ኃላፊዎች «ቁጥር አርሶ አደሩን ያደናግረዋል» ይላሉ። አርሶ አደሩ ግን ሥጋትን ማከፋፈል ያውቅበታል፤ አንዱን ማሳ በማሽላ፣ ሌላውን በጤፍ፣ ሌላውን በሽምብራ የሚሸፍነው ሁሉም በአንድ ጊዜ እንዳይከዳው ነው። ይልቅ እምነቱን የሚያሳጣው እርግጥ ተብሎ የተነገረው ሳይሆን ሲቀር ነው።

ስለዚህ የወረዳ ግብርና ጽሕፈት ቤቶች ሦስት ነገር ቢያደርጉ መልካም ነው። አንደኛ፣ ሦስቱን ዕድሎች ሳያሳጥሩ ለቀበሌ ያውርዱ። ሁለተኛ፣ መስከረም ላይ የተነገረውን ከዘነበው ጋር አስተያይተው ለአርሶ አደሩ በግልጽ ይንገሩ። ሦስተኛ፣ የዝናብ መለኪያዎችን ይጠብቁ። ከላይ የተጠቀሰው ሞዴል የሚያሰላበት አንድ ክፍል በጎኑ 36 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ በዚያ ስፋት ውስጥ ደጋውም ቆላውም አንድ ላይ ይወድቃሉ። ልዩነታቸውን የሚነግረን በየጣቢያው በየቀኑ የሚመዘገበው ሚሊ ሜትር ነው። ሳይለካ ያለፈን ቀን «ዜሮ» ብሎ መሙላት የሚቀጥለውን ትንበያ ያበላሻል፤ ያልተለካው ያልተለካ ተብሎ ይጻፍ።